መጨረሻው ያልታየ ካሴት

በሱፐሪየር ሐይቅ ዳር፣ በረዶ እንደ ጨው በተነሰነሰበት፣
የእህል ጎተራዎች ተገትረው መርከብ በሚጠብቁበት፣
ሃያ ሦስት ሆነን፣ በፊንላንዳውያን አዳራሽ ምድር ቤት፣
ተሰበሰብን በየካቲት።

ቴሌቪዥን ነበረን፣ ጎኑ በፕላስተር የታሸገ፣
ወንበር ነበረን፣ ገና ሳንቀመጥ ያረገረገ።
መዝገብ ብትሉ መዝገብ የለም፤ እኔ ነኝ መዝገቡ፣
የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፌ በር ላይ የቆምኩ ለገንዘቡ።
ሁለት ዶላር ነበር መግቢያው፤
ሾርባ ይዞ ለመጣ ግን ነጻ ነው።

ካሴቱ የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ የልጅ ልጅ፣
ቀለሙ ከፊት ሸሽቶ የሚንከራተት ደጅ ለደጅ።
ከግርጌ ያለውን ፊደል ጭረት እየበላው፣
«እወድሃለሁ» ይሁን «እገልሃለሁ»፣ ማን ነው የሚለየው?

እሑድ ማታ፣ የመጨረሻው ክፍል፤ ልጅቷ ድልድዩ ላይ ቆማ፣
ወንድሟ ከማዶ ሲጣራ፣ ድምፁን ገና ሳትሰማ፣
መብራት ጠፋ።
ማዕበሉ ሽቦ በጥሶ፣ ከተማው በሙሉ ጨለማ።

ያኔ አይሊ ኮስኬላ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ፣
ሰው ፊት ቃል የማይወጣት፣ ዓይነ አፋር፣ ብቸኛ፣
«እኔ አይቼዋለሁ» አለች፣ «ልንገራችሁ ፍጻሜውን።»
ነገረችን፤ ገመዱን፣ ወንዙን፣ ልጅቷ ተሻግራ መድረሷን፣
ወንድሟ ኮቱን አውልቆ ማልበሱን፣
ቃል በቃል፣ አንዴም ሳትመለስ።
ኮቫልቹክን፣ ያን ግዙፍ የባቡር ሠራተኛ፣ ሰማሁት ሲያለቅስ፣
አፍንጫውን በእጅጌው ሲያብስ።

በሁለተኛው ዓመት ሆቴል ገባን፤ መቼም ሰው ሲያድግ ይኮራል።
ለካ በዚያው ቅዳሜ የአዳኞች ማኅበርም ተከራይቷል።
እነሱ እውነተኛ ጠመንጃ፣ እኛ ከስፖንጅ የተቀረጸ ሰይፍ፤
ሊፍት በር ላይ ተፋጠጥን፣ ማን ወጥቶ ማን ይለፍ።
አንዱ ጢማም የሮዛን ሚሻኖን ክንፍ ዳሰስ አደረገና፣
«ካርቶን ነው? እኔ ጋ የዝይ ላባ ሞልቷል» ብሎ፣
አመጣላት በጆንያ፣ እሑድ በጠዋት ተነሣና።
ከዚያ ወዲህ ነው በዚህ ከተማ ክንፍ የበዛው።

አምስት መቶ ሆንን። ዘጠኝ መቶ።
የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኞች ብልጭልጩን ሲጠርጉ ረገሙን።
ከዚያ ተጣላን። ስለ ምን? ስለ አርማ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ሊቀመንበር፤
በአንድ ቅዳሜ የነሱም የኛም፣ መንገዱ መሃላችን እንደ ድንበር።
ኮቫልቹክ ከወዲያ፣ ሮዛን ከወዲህ፣ ሰላምታ እንኳ በአገጭ።
ልጆቹ ግን የሁለታችንንም ቲኬት ገዝተው፣
የጥንቸል ጆሮ ሰክተው፣ የቀበሮ ጭራ አስረው፣
ድንበራችንን ሲመላለሱበት በጭራቸው ጠረጉት።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ያ ክፍል በዲስክ መጣ።
ልጅቷ አልተሻገረችም።
ድልድዩ ተበጠሰ፤ ማያው ጠቆረ፤ የስም ዝርዝር ወጣ።
ሁላችንም ወደ አይሊ ዞርን።
«አላየሁትም ነበር» አለች፣ መነጽሯን እየወለወለች፣
«ግን እናንተ በእግራችሁ ነበር የምትሄዱት።
በዚያ ብርድ፣ ያለ ፍጻሜ ማን ቤቱ ይደርሳል?»

እና ሥርዓት ሆነ፤ እሑድ ማታ መብራት እናጠፋለን፤
አንድ ሰው ይነሣል፤ ያላየውን መጨረሻ ይነግረናል።
ወረርሽኙ ሁሉን ቤቱ በዘጋበት ዓመት፣
ቁልፉ እኔ ጋ ነበርና፣ ብቻዬን ገብቼ አጠፋሁት።
የተናገረ የለም። ማሞቂያው ብቻ ይንኳኳል።

ዘንድሮ አይሊ የለችም።
ወንበሯ ላይ መነጽር ያስቀመጠ አለ፤ እኔ አይደለሁም።
ጨለማው ረዘመ። ማንም አልተነሣ።
ከዚያ የላባ ድምፅ፤ የሮዛን የልጅ ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ያ የአዳኙ ላባ፣ ያረጀው፣ በትከሻዋ፣
«ልጅቷ» አለች፣ «ኮቱን ከለበሰች በኋላ…»
አለችና ቃል ጠፋት።

ቆርቆሮዬን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።
«ቀጥይ» አለ ከኋላ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ፤
አፍንጫውን በእጅጌው ሲያብስ ሰማሁት።